ጉድጓዱ የት ነው የተቆፈረው?

«ኤሪን ብሮኮቪች» የተሰኘውን ፊልም ያላየ የጋዜጠኝነት ተማሪ ብዙ ያለ አይመስለኝም። በ2000 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ይህ ፊልም የአንዲት የጠበቃ ቢሮ ሠራተኛ እውነተኛ ታሪክ ነው። ሂንክሊ በምትባል የካሊፎርኒያ የበረሃ መንደር የሚኖሩ ሰዎች ፒጂ ኤንድ ኢ የተባለው ኩባንያ ውሃችንን በክሏል ብለው ከሰሱ፤ በ1996ም ኩባንያው 333 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ፊልሙ ግሩም ነው። ሆኖም ለእኛ ለነገዎቹ ዘጋቢዎች በጣም የሚጠቅመውን ነገር ዘልሎታል ባይ ነኝ። ከመሬት በታች ያለ ውሃ አይታይም፤ ታዲያ መርዙ እስከ የት እንደደረሰ በምን ይታወቃል?

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚቀዳው ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው፤ አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ የታወቀ የፋብሪካ ሰፈር ነው። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች አሏት፤ ቆዳ ደግሞ በአብዛኛው የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው። (ለቆዳ የሚውለው ክሮሚየም ሦስት የሚባለው ሲሆን፣ መርዛማነቱ ከሂንክሊው ክሮሚየም ስድስት በጣም ያነሰ ነው። ሁለቱን አደባልቆ ዜና መሥራት ሰው ማሸበር ነው የሚሆነው።) አንድ ቀን አንዳችን ፋብሪካ ደጃፍ ቆመን «ውሃው ተመርምሮ ንጹህ ሆኖ ተገኝቷል» የሚል መግለጫ ይሰጠን ይሆናል። ያኔ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መመለስ ነው ወይስ የሚጠየቅ ነገር አለ?

አለ። መጀመሪያ ግን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እንይ።

የክትትል ጉድጓድ ውሃ የሚጠጣበት ጉድጓድ አይደለም። ቀጭን ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚገባበት ቱቦ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የሚቆፈረው ናሙና ለመቅዳትና የውሃውን ከፍታ ለመለካት ብቻ ነው። በአሜሪካ አደገኛ ቆሻሻ የሚያስቀምጡ ተቋማት ሕግ ቢያንስ አራት ጉድጓድ ያስቆፍራቸዋል፦ አንዱ ውሃው ወደ ግቢው ከሚመጣበት በኩል፣ ሦስቱ ውሃው ከግቢው ከሚወጣበት በኩል። የመጀመሪያው ውሃው ፋብሪካው ሳይነካው ምን እንደሚመስል ይነግረናል፤ ሦስቱ ካለፈ በኋላ ምን እንደሆነ። ያለ ንጽጽር የላቦራቶሪ ቁጥር ብዙም ትርጉም የለውም።

ታዲያ ውሃው በየት እንደሚመጣ በምን ይታወቃል? የመሬቱን ቁልቁለት አይቶ መገመት ያሳስታል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ሁልጊዜ የላዩን መልክዓ ምድር አይከተልም። ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶች በሦስት ማዕዘን ይቆፈራሉ፣ የአፋቸው ከፍታ በቀያሽ ይለካል፣ ከዚያ በየጉድጓዱ ውሃው የቆመበት ከፍታ ይነጻጸራል። ውሃው ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል። አጠገቡ ያለ ገበሬ በትልቅ ፓምፕ መሳብ ከጀመረ ግን አቅጣጫው ሊዞር ይችላል።

ቁፋሮው ካለቀ በኋላ ቱቦው ይገባል። የታችኛው ክፍል በቀጫጭን ስንጥቆች የተበሳ ሲሆን ውሃው የሚገባው በዚያ ነው። በዙሪያው ንጹህ አሸዋ ይሞላል፤ ከአሸዋው በላይ ቤንቶናይት የሚባል፣ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ የሸክላ አፈር፤ ከዚያ በላይ ሲሚንቶ ነክ ድብልቅ። ይህ ሁሉ የላይ ጎርፍ በቱቦው ዳር ሾልኮ ናሙናውን እንዳያበላሸው ነው። የፕላስቲክ ቱቦዎቹ የሚያያዙት በጥርስ ነው እንጂ በማጣበቂያ አይደለም፤ ማጣበቂያው ራሱ ኬሚካል ስላለው በናሙናው ውስጥ ብክለት መስሎ ሊታይ ይችላል። ይቺን ሳነብ ነው የሥራው ጥንቃቄ የገባኝ። አፉ በክዳንና በቁልፍ ይዘጋል፤ ከዚያም የደፈረሰው ውሃ እስኪጠራ ድረስ እየተሳበ ይታጠባል።

ዋናው ነገር ግን ስንጥቁ በስንት ሜትር ጥልቀት ላይ ነው የሚለው ነው። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። አንዳንድ የቅባት ማጠቢያ ፈሳሾች ደግሞ ከውሃ ስለሚከብዱ ወደ ታች ይሰጥማሉ። ስንጥቁ ከላይ ሆኖ መርዙ ከታች ካለ የላቦራቶሪው ወረቀት «አልተገኘም» ይላል፤ የዋሸ ሰው የለም፣ ውሃው ግን ተበክሏል። ስንጥቁ በጣም ረጅም ከሆነም ንጹሁና የተበከለው ውሃ ይቀላቀልና ቁጥሩ ዝቅ ይላል። «አልተገኘም» ማለት ራሱ መሣሪያው ሊያይ ከሚችለው መጠን በታች ነው ማለት እንጂ ዜሮ ማለት አይደለም። እንግዲህ መግለጫ ሰጪውን የጉድጓዶቹን ካርታ፣ የስንጥቃቸውን ጥልቀትና የመሣሪያውን ዝቅተኛ ልክ ብንጠይቀው ነውር የለውም።

ወደ ሂንክሊ ልመለስ። የኩባንያው የጋዝ መግፊያ ጣቢያ የተሠራው በ1952 ነበር። የማቀዝቀዣ ማማዎቹ እንዳይዝጉ ክሮሚየም ስድስት ውሃው ውስጥ ይጨመር ነበር፤ ያ ውሃም ለዓመታት ወለላቸው ባልተለበጠ ኩሬዎች ይደፋ ነበር። ኩባንያው ብክለቱን ለክልሉ የውሃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያሳወቀው በ1987 ነው። ከዚያ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ የክትትል ጉድጓዶች ተቆፈሩ።

ሆኖም ጭቅጭቁ አላለቀም፤ ምክንያቱ ደግሞ ያው የንጽጽሩ ጉድጓድ ነው። ክሮሚየም ስድስት በሂንክሊ አካባቢ ከድንጋዩ በተፈጥሮም ይወጣል። ስለዚህ የተፈጥሮው ስንት፣ የኩባንያው ስንት? በ2007 ኩባንያው ራሱ ባስጠናው ጥናት የተፈጥሮው መጠን እስከ 3.1 ማይክሮ ግራም በሊትር ይደርሳል ተባለ። ባለሙያዎች የተመረጡት ጉድጓዶች ለዚህ የሚበቁ አይደሉም ብለው ተቹት። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ኩባንያው የሚያጸዳው መሬት ያንሳል፣ ዝቅ ባለ መጠን ይሰፋል፤ ለአንድ ቤተሰብ ጉድጓዱ «በተፈጥሮ ነው» መባልና «ከፋብሪካው ነው» መባል ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ጥናቱ ለአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ተሰጠ፤ ተቋሙ ሙሉ ውጤቱን ያሳተመው በ2023 ሲሆን፣ ይህም ብክለቱ ከታወቀ ከ36 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።