አንዱ ክኒን ሦስት መድኃኒት ነው

ራስ ምታት ሲነሳብን ብዙዎቻችን ከጓደኛ ኪስ የተገኘውን ክኒን ተቀብለን ዋጥ እናደርጋለን። «ለራስ ምታት ነው» ከተባለ ሌላ ጥያቄ የለም። ለመሆኑ ክኒኑ ውስጥ ምን አለ?

ዛሬ የምንመለከተው አስፕሪን፣ ፓራሲታሞልና ካፌይን ባንድነት ተቀምመው የሚዘጋጁበትን የሕመም ማስታገሻ ነው። አንዱ የታወቀ ዓይነት በያንዳንዱ ክኒን 250 ሚሊ ግራም አስፕሪን፣ 250 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞልና 65 ሚሊ ግራም ካፌይን አለው። እንግዲህ አንዱን የዋጠ ሰው ሦስት መድኃኒት ዋጠ ማለት ነው። ሦስቱም በየፊናቸው የማይስማማቸው ነገር አለ።

ሀ/ ከሌላ መድኃኒት ጋር፦ ጤነኛ ዐዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4,000 ሚሊ ግራም በላይ ፓራሲታሞል መውሰድ የለበትም። ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ፓራሲታሞል ሁለት ሁለት እያደረገ በቀን አራት ጊዜ የወሰደ ሰው ልኩን ሞልቷል። በዚያ ላይ ሁለት ድብልቅ ክኒን ሲጨምር 4,500 ይደርሳል፤ የሚጎዳውም ጉበት ነው። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶችም ፓራሲታሞል እንዳላቸው አንርሳ። አስፕሪኑ ደሞ ከኢቡፕሮፌን ወይም ከዳይክሎፌናክ ጋር ሲገናኝ ጨጓራን ሊያደማ ይችላል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ የልብ ሕመምተኛ አደጋው ይብሳል።

ለ/ ከምግብና ከመጠጥ ጋር፦ አስፕሪን በባዶ ሆድ ሲዋጥ ጨጓራን ይቆጠቁጣል። ስለዚህ በጾም ቀን እህል ሳይቀምሱ መዋጥ አይበጅም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የጠጣ ሰው ክኒኑን ሲጨምርበት ደሞ ካፌይኑ ይደራረብና ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል። ከአረቄ ጋርማ ጭራሽ አይሆንም፤ አስፕሪኑ ጨጓራን፣ ፓራሲታሞሉ አዘውትሮ የሚጠጣን ሰው ጉበት ያጠቃል።

ሐ/ ከበሽታ ጋር፦ የጨጓራ ቁስለት፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ አስፕሪን አስሙን የሚቀሰቅስበት፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴት ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱት። እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ በወረርሽኝ መልክ የታየው የደንጊ ትኩሳትም ራሱ ደም ሊያፈስ ስለሚችል አስፕሪን ይከለከልበታል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለዕጩ መምህር ምኑ ነው? ነገ በየወረዳው ስንመደብ ተማሪ «ቲቸር፣ ራሴን አመመኝ» ብሎ ይመጣል። ከኪሳችን አውጥተን መስጠት ደግነት ይመስላል። ነገር ግን ጉንፋን ወይም ጉድፍ የያዘው ልጅ አስፕሪን ቢወስድ ራይ ሲንድሮም የሚባል፣ አንጎልንና ጉበትን የሚያጠቃ በሽታ ሊይዘው ይችላል። የሚይዘው ጥቂቶችን ቢሆንም ገዳይ ነው። ስለዚህ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ወላጁን እናስጠራ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ።

እኛም ከመዋጣችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ውስጡ ምን አለ? ዛሬ ሌላ ምን ወሰድሁ? ምን ሕመም አለብኝ?