ሱሩኩኩ የሚባለው የደን እባብ

እባብ ሁሉ አንድ አይደለም። መርዝ ያለው አለ፤ መርዝ የሌለውም አለ። መርዛሞቹም ቢሆኑ መርዛቸው ይለያያል። ገበሬ ስንዴን ከእንክርዳድ ለይቶ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ እባብን ለይቶ ማወቅም ይቻላል። ይህ እውቀት የሰው ሕይወት ያድናል። እስቲ በደቡብ አሜሪካ የሚኖረውን አንድ የደን እባብ እንመልከት።

በአማዞን ወንዝ ዙሪያ እጅግ ሰፊ ደን አለ። በዚህ ደን አንድ ትልቅ የእፉኝት ወገን ይኖራል። የብራዚል ሰዎች ሱሩኩኩ ይሉታል። የፔሩ ሰዎች ደግሞ ሹሹፔ ይሉታል። አንዱ እባብ በየአገሩ ሌላ ስም ካለው ሐኪሞች እንዴት ይግባባሉ? ሊቃውንት ለእያንዳንዱ ፍጥረት በዓለም ሁሉ የሚያገለግል አንድ ስም የሚያወጡት ለዚህ ነው። የሱሩኩኩ የሳይንስ ስም ላኬሲስ ሙታ ነው። የፊተኛው ቃል የወገኑ ስም ነው፤ የኋለኛው የራሱ መለያ ነው።

ሙታ ማለት ዲዳ ማለት ነው። ይህን ስም የሰጠው የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኒየስ ነው። ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1766 ነበር። በአሜሪካ ጅራቱን የሚያንቋቋ ሌላ እፉኝት አለ። ሱሩኩኩም ሲቆጣ ጅራቱን ያርገበግባል፤ ግን ጅራቱ ላይ የሚንቋቋ ነገር የለውም። የሚሰማው የደረቀ ቅጠል ኮሽታ ብቻ ነው።

የሱሩኩኩ መለያዎች እነዚህ ናቸው፦

1. ከእፉኝቶች ሁሉ ረጅሙ ነው። ብዙ ጊዜ 2 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከ3 ሜትር የሚበልጥም ተገኝቷል።
2. መልኩ ቢጫ የተቀላቀለበት ቡናማ ነው። ጀርባው ላይ ትልልቅ ጥቁር ቅርጾች አሉት። ቅርፊቱ እንደ አናናስ ልጣጭ ይጎረብጣል።
3. በዓይኑና በአፍንጫው መካከል ጉድጓድ አለው። በእርሱ በጨለማ የአይጥን ገላ ሙቀት ያውቃል።
4. እንቁላል ይጥላል። ብዙዎቹ የአሜሪካ እፉኝቶች ግን ልጅ ይወልዳሉ።

ቀድሞ ሊቃውንት የዚህን ወገን እባቦች እንደ አንድ ዝርያ ይቆጥሯቸው ነበር። በ1997 ግን መልካቸውንና የዘር ምልክታቸውን መርምረው በሦስት ከፈሏቸው። ከሦስቱ አንዱ በኮስታ ሪካ የሚኖረው ጥቁር ራስ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ መለየት ምን ይጠቅማል? በዚያው ደን ዣራራካ የሚባል ሌላ እፉኝት አለ። የሁለቱም ንክሻ ያሳብጣል፤ ያደማል። የሱሩኩኩ ግን ተቅማጥ ያስከትላል፤ የልብ ምትንም ያዘገያል። ሐኪሙ የእባቡን ዓይነት ካወቀ ትክክለኛውን መድኃኒት ይሰጣል።

ይህን ያስተማረው ቪታል ብራዚል የሚባል ሐኪም ነው። በአውሮፓ ለሌላ እባብ የተሠራው የመርዝ ማርከሻ ለብራዚል እባቦች እንደማይሠራ አሳየ። በ1901 በሳኦ ፓውሎ የቡታንታን ተቋም ሲመሠረት መሪው እርሱ ሆነ። እዚያም ጥቂት መርዝ በፈረስ ገላ ውስጥ እየጨመሩ ከፈረሱ ደም ማርከሻውን ያዘጋጁ ነበር። ገበሬዎች እባብ ይዘው በሣጥን ይልካሉ፤ ተቋሙም በለውጡ ማርከሻ ይሰጣቸዋል። በዚህ ዓይነት ገበሬው መድኃኒት አገኘ፤ ሊቃውንቱም የትኛው እባብ የት እንደሚኖር አወቁ። ሥራው የጋራ ነበር።

እኛም ከዚህ የምንማረው አለ። “እባብ ያየ በልጥ በረየ” እንዲሉ፣ ድንጋጤ ማስተዋልን ይነሣል። እባብ ሰው ቢነድፍ መልኩንና ርዝመቱን ልብ እንበል፤ ለመያዝ ግን አናሳድደው። የተነደፈውን ቦታ አንብጣው፤ በአፍ አንምጠጠው፤ በገመድም ጠፍረን አንሰረው። የተነደፈውን ሰው ሳናስሮጥ፣ እግሩን ወይም እጁን ሳናንቀሳቅስ ተሸክመን ፈጥነን ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው።

ጥያቄዎች

1. ሱሩኩኩ “ዲዳ” የተባለው ለምንድነው?
2. የእባቡን ዓይነት ማወቅ ሐኪሙን እንዴት ይረዳል?
3. በአካባቢያችሁ ስንት ዓይነት እባብ ታውቃላችሁ? በምን ትለዩአቸዋላችሁ?