የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመምና ማስታገሻው

ጥያቄ፦ ክቡር ሐኪም፣ ቆሎ ስቆረጥም መንጋጋዬ ከጆሮዬ ሥር ይንቋቋል፤ ያመኛልም። ዳይክሎፌናክ ብውጥ ይበጀኛልን? (ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ድምፁ የሚሰማው በታችኛው መንጋጋና በራስ ቅል መገጣጠሚያ ውስጥ ያለው ስስ ዲስክ ከስፍራው ሲንሸራተት ሲሆን፣ ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ ጥርስን በእንቅልፍ ከማፋጨት፣ ቆሎንና ጫትንም አዘውትሮ ከማኘክ ከደከሙት ጡንቻዎች የሚመነጭ ነውና፣ ለጥቂት ሳምንታት ለስላሳ ምግብ ቢመገቡና መንጋጋዎን በሞቀ ጨርቅ ቢይዙት አብዛኛውን ጊዜ ይሻልዎታል። ዳይክሎፌናክ ብግነትን የሚያባብሰውን ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ ያስታግሳል፤ ነገር ግን ይኸው ንጥረ ነገር የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቅ በመሆኑ፣ መድኃኒቱ ከምግብ በኋላ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይወሰዳል (በጾም ሰሞን በባዶ ሆድ መዋጡን አብዝቼ እፈራዋለሁ)። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ደዌ፣ ወይም እርግዝና ካለ ግን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። አፍዎ አልከፈት ካለ፣ ፊትዎ ካበጠ ወይም ሕመሙ ከሰነበተ፣ በደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ቢመረመሩ መልካም ነው።