የሆርሙዝ ሰርጥና የነዳጅ ዘይት ጠብ

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቡድን ሆናችሁ ተወያዩባቸው።

1. በቤታችሁና በአካባቢያችሁ በነዳጅ ዘይት የሚሠሩት ነገሮች የትኞቹ ናቸው?
2. ከአገራችሁ ርቆ የሚካሄድ ጦርነት የእናንተን ኑሮ በምን መንገድ ሊነካ ይችላል?
3. የዓለም ካርታ ዘርግታችሁ የፋርስን ባሕረ ሰላጤና የሆርሙዝን ሰርጥ ፈልጉ።

ለ. ንባብ

(በዚህ ንባብ ውስጥ “ዓ.ም.” ከተባለባቸው በቀር ዘመኖቹ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የኤሌክትሪክ መብራት ባልገባበት መንደር በኩራዝ ብርሃን የሚያጠና ተማሪ፣ ላምባው ከየት እንደ መጣ ብዙ ጊዜ አያስብም። ዋጋው ጨመረ ሲባል ግን ይደነግጣል፤ ባለሱቁንም ይወቅሳል። ባለሱቁ በበኩሉ አከፋፋዩን ይወቅሳል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የዋጋው ሥር ተቆፍሮ ቢታይ አንዳንድ ጊዜ የሚገኘው በሩቅ ባሕር ላይ ነው። እንዲህ ካሉት ሩቅ ቦታዎች አንዱ የሆርሙዝ ሰርጥ ነው።

ሰርጥ ማለት ሁለት ሰፋፊ ባሕሮችን የሚያገናኝ ጠባብ መተላለፊያ ነው። የሆርሙዝን ሰርጥ በሰሜን ኢራን፣ በደቡብ ኦማን ያዋስኑታል። ሰርጡ የፋርስን ባሕረ ሰላጤ ከኦማን ባሕረ ሰላጤ ጋር፣ በዚያም በኩል ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር ያገናኛል። እጅግ በሚጠብበት ቦታ ስፋቱ ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ለመርከቦች የተመደቡት የመግቢያና የመውጫ መንገዶች ደግሞ እያንዳንዳቸው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ብቻ አላቸው። ኢራቅ፣ ኩዌት፣ ባሕሬይንና ካታር ከዚህ በቀር ወደ ውቅያኖስ የሚያወጣ ሌላ የባሕር በር የላቸውም። በ2023 በዚህ ሰርጥ በየቀኑ 20 ሚሊዮን በርሜል ያህል ነዳጅ ያልፍ ነበር፤ ይህም ዓለም በሙሉ በቀን ከሚጠቀምበት አንድ አምስተኛው ገደማ ነው። አንድ በርሜል 159 ሊትር መሆኑን ስናስብ የመጠኑ ብዛት ይገባናል።

መንግሥታት ስለ ነዳጅ ዘይት አብዝተው መጨነቅ የጀመሩት በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። በ1908 በኢራን መስጂድ ሱሌይማን በተባለ ቦታ ነዳጅ ተገኘ። በዚያው ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦቹን ከድንጋይ ከሰል ወደ ነዳጅ ዘይት መለወጥ ጀመረ። ከሰሉ በእንግሊዝ ምድር ሞልቶ ሳለ ዘይቱ ግን የሚገኘው በሰው አገር ነበር። ስለዚህ በ1914 የእንግሊዝ መንግሥት የኢራንን ነዳጅ ያወጣ የነበረውን ኩባንያ አብላጫ ድርሻ ገዛ። ከዚያ ወዲህ በሰው አገር ያለ ጉድጓድ የራስ አገር ደኅንነት ጉዳይ ሆኖ ይታይ ጀመር።

ነዳጅ ይቋረጥብናል የሚለው ሥጋት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በ1941 ታይቷል። ጃፓን በቻይና ላይ ጦርነት ከፍታ፣ ጦሯንም ወደ ኢንዶቻይና አስገብታ ሳለ፣ አብዛኛውን ነዳጅ የምትገዛው ከአሜሪካ ነበር። አሜሪካም ወረራውን ለመግታት ሽያጩን አቋረጠች። የጃፓን መሪዎች ያከማቹት ነዳጅ እያለቀ መሄዱን እያሰሉ፣ ከያዙት አገር ከመውጣት ይልቅ ሌላ ወረራ መረጡ። በዲሴምበር 7 ቀን 1941 የአሜሪካንን መርከቦች በፐርል ሀርበር ደበደቡ፤ ቀጥለውም የዛሬይቱን ኢንዶኔዢያ የነዳጅ ጉድጓዶች ያዙ። ማዕቀቡ ጦርነትን እንዲያስቀር ታስቦ ነበር፤ ዳሩ ግን ጦርነቱ ሰፋ።

ነዳጅ ዘይት የጦር መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ደግሞ በኦክቶበር 1973 በግብፅ፣ በሶርያና በእስራኤል መካከል በተነሣው ጦርነት ታየ። የዐረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ምርታቸውን ቀነሱ፤ ለአሜሪካና ለሌሎች የእስራኤል ደጋፊዎችም መሸጥ አቆሙ። ቀድሞ 3 ዶላር ያህል የነበረው የአንድ በርሜል ዋጋ በጃንዋሪ 1974 ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። ውጤቱ በጠቡ ውስጥ በሌሉ አገሮችም ላይ ደረሰ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በቤንዚን ዋጋ ላይ ጭማሪ ሲያደርግ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ይህ አድማ ከመምህራን፣ ከወታደሮችና ከተማሪዎች ብሶት ጋር ተደረበ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. የዘውዱ መንግሥት ወደቀ። ለዚያ ታላቅ ለውጥ የመሬት ጥያቄና የወሎ ረሀብ የጠለቁ ምክንያቶች ነበሩ፤ የቤንዚኑ ዋጋ ግን በደረቀ እንጨት ላይ እንደ ወደቀ ፍም ሆነ።

የሆርሙዝ ሰርጥ ራሱ የውጊያ ሜዳ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በሴፕቴምበር 1980 ኢራቅ ኢራንን ወረረች። የጦርነቱ መነሻ የድንበር ክርክርና የኃይል ፉክክር ነበር። ይሁን እንጂ ሁለቱም አገሮች የጦርነት ወጪያቸውን የሚሸፍኑት በነዳጅ ሽያጭ ስለ ነበረ፣ እያንዳንዳቸው የሌላውን ገቢ ለማድረቅ ተነሡ። ከ1984 ጀምሮ ኢራቅ የኢራንን ነዳጅ የሚጭኑ መርከቦችን በብዛት መደብደብ ያዘች። ኢራንም በአጸፋው ኢራቅን ይደግፉ ወደ ነበሩት ወደ ኩዌትና ወደ ሳውዲ ዐረቢያ የሚመላለሱትን መርከቦች መታች። በዚህ ሁኔታ የሁለቱም ወገኖች ያልሆኑ፣ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ መርከበኞች ሕይወታቸውን አጡ። ኢራን ሰርጡን እዘጋለሁ እያለች ብትዝትም በዚያ ጦርነት አልዘጋችውም፤ የራሷ ነዳጅም የሚወጣው በዚያው በር ነበርና።

በ1987 ኩዌት መርከቦቿን የሚጠብቅላት ኃይል ለመነች። አሜሪካም 11 የኩዌት ነዳጅ ጫኝ መርከቦች የአሜሪካንን ባንዲራ እንዲያውለበልቡ ፈቅዳ በጦር መርከቦች ታጅባቸው ጀመር። በመጀመሪያው ጉዞ ላይ ከታጀቡት መርከቦች አንዱ በባሕር ፈንጂ ተመታ። በኤፕሪል 1988 አንድ የአሜሪካ የጦር መርከብም በፈንጂ ስለ ተጎዳ፣ አሜሪካና ኢራን በባሕር ላይ ተዋጉ። በጠባብ ባሕር ውስጥ ብዙ የጦር መርከቦች ተፋጥጠው ሲውሉ እያንዳንዱ አዛዥ ቀድሞ እንዳይመታ ይሠጋል፤ ለማጣራት ያለውም ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ጁላይ 3 ቀን 1988 ቪንሰንስ የተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ወደ እርሱ አቅጣጫ የሚመጣ አውሮፕላን በራዳር አየ። የጠላት ተዋጊ አውሮፕላን መስሎት ሁለት ሚሳይል ተኮሰ። አውሮፕላኑ ግን ከኢራን ወደ ዱባይ መንገደኞች የጫነ ነበር። በውስጡ የነበሩት 290 ሰዎች በሙሉ አለቁ፤ ከእነርሱም 66ቱ ሕፃናት ነበሩ። በመርከቡ ላይ የነበሩት ያን ያህል ሰላማዊ ሰው ለመግደል አስበው አልተነሡም፤ ሥጋታቸው ግን ፈረደ።

በኦገስት 1988 ተኩስ ሲቆም ከስምንት ዓመት ውጊያና ከመቶ ሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች ሞት በኋላ የሁለቱ አገሮች ድንበር ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። ለነዳጅ ተብሎ የተጀመረው ጥበቃም የነዳጁን መንገድ ይበልጥ አደገኛ አድርጎት ነበር።

ታዲያ ምን ማድረግ ይቻላል? ከተደረጉት ነገሮች ጥቂቶቹ ጠቅመዋል። ከ1973 በኋላ ብዙ ገዢ አገሮች ለክፉ ቀን የሚሆን ነዳጅ ማከማቸት ጀመሩ። ሳውዲ ዐረቢያ ነዳጇን በቧንቧ ወደ ቀይ ባሕር የምታሻግርበትን መስመር ሠራች። እነዚህ ዘዴዎች ድንጋጤን ስለሚቀንሱ ለድርድር ጊዜ ይሰጣሉ። ጎተራው ባዶ የሆነ ሰው ለጠብ ይቸኩላል፤ ስንቅ ያለው ግን ለሽማግሌ ቃል ጆሮ ይኖረዋል። የባሕር በር የሌላቸውና ነዳጅ የሚገዙ አገሮች፣ እንደ ኢትዮጵያ ያሉት፣ የሰርጡ ጠባቂ ሊሆኑ አይችሉም። ነገር ግን ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ መሆኑን ያውቃሉና፣ ውጥረት ሲነሣ በቅድሚያ ሽምግልናን መጠየቅ የእነርሱም መብት ነው።

ሐ. የንባብ ጥያቄዎች

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. የእንግሊዝ መንግሥት በ1914 የነዳጅ ኩባንያ ድርሻ የገዛበት ምክንያት ምን ነበር?
2. በ1941 የተጣለው ማዕቀብ የታሰበለትን ዓላማ ያልፈጸመው ለምንድን ነው?
3. የ1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ “በደረቀ እንጨት ላይ እንደ ወደቀ ፍም ሆነ” ሲባል “ደረቅ እንጨት” የተባለው ምንድን ነው?
4. “ሥጋታቸው ግን ፈረደ” የሚለውን አባባል በራሳችሁ ቃል አብራሩ።
5. ነዳጅ ማከማቸት ለሰላም የሚጠቅመው እንዴት ነው?

መ. የቃላት ጥናት

የሚከተሉትን ቃላት በንባቡ ውስጥ ካላቸው አገባብ ተነሥታችሁ ፍቷቸው፤ በየቃላቱም አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

ሰርጥ፣ አብላጫ፣ ማዕቀብ፣ ብሶት፣ አጸፋ፣ ውጥረት

ሠ. ሰዋስው

“መርከቡ ሚሳይል ተኮሰ” በሚለው ዓረፍተ ነገር ድርጊቱን የፈጸመው ይታወቃል። “ሚሳይል ተተኮሰ” ስንል ግን አድራጊው ይደበቃል። ከዚህ በታች ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች በተደራጊ ግሥ ለውጣችሁ ጻፉ።

1. አሜሪካ የነዳጁን ሽያጭ አቋረጠች።
2. ኢራቅ መርከቦቹን ደበደበች።
3. መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ጨመረ።

አድራጊው ሲደበቅ የአንባቢው ፍርድ እንዴት እንደሚለወጥ በክፍል ውስጥ ተወያዩ።

ረ. ድርሰት

“ነዳጅ የሌላት አገር ስለ ነዳጅ ጦርነት ዝም ልትል ይገባልን?” በሚል ርእስ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ። አሳባችሁን ቢያንስ በሁለት የታሪክ ማስረጃዎች ደግፉ።