ሻጮችን በኮምፒዩተር ስለ ማሠልጠን

ቢቸናና ሞጣ ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙ፣ ጤፍ የሚወጣባቸውና ቆርቆሮ፣ ምስማርና ጨርቅ የሚገባባቸው የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው፡፡ በዚያ ያለ ባለሱቅ ሠራተኛውን ሥራ አስፈትቶ ለሒሳብ ትምህርት ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ድረስ መላክ ይከብደዋል፡፡ ትምህርቱ በኮምፒዩተር ተዘጋጅቶ ከሱቁ ድረስ ቢመጣለት ግን ጥቅሙ ግልጽ ነው፡፡ አዘጋጅ ሲፈለግም በዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማረው ወጣት ይታሰባል፡፡ ታዲያ ነጋዴው የዚህን ወጣት ችሎታ በምን ይመዝነዋል?

በወርድ መጻፍና በፓወርፖይንት ሥዕል ማሳየት ብቻውን አይበቃም፡፡ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ ቆርቆሮ ታክሱን ጨምሮ በ1,150 ብር ሸጠ እንበል፡፡ ታክሱ ስንት ነው ቢባል ጀማሪው ሻጭ የ1,150 ብርን 15 በመቶ አስልቶ 172 ብር ከ50 ሳንቲም ይላል፡፡ ትክክለኛው ስሌት 1,150ን ለ1.15 ማካፈል ነው፤ ይኸውም ዋጋው 1,000፣ ታክሱ 150 ብር ይሆናል፡፡ ደካማ ዝግጅት «ስሕተት» ብሎ ያልፋል፡፡ ጥሩ ዝግጅት ግን ሻጩ ታክሱን በዋጋው ላይ ሳይሆን በድምሩ ላይ እንዳሰላና 22 ብር ከ50 ሳንቲም እንዳበለጠ ያስረዳዋል፤ ከዚያም በሌላ ቁጥር ይፈትነዋል፡፡ እንዲህ ያለውን ለማዘጋጀት ከፕሮግራሙ ዕውቀት ይልቅ የሻጩን ስሕተት አስቀድሞ ማወቅ ይበልጣል፤ ይህንንም ተማሪው ከመጽሐፍ ይልቅ ከሱቅ ያገኘዋል፡፡

በኮምፒዩተር ማስተማር ዱሮም ነበረ፤ በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕላቶ የተባለው መሣሪያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፡፡ ዛሬ ኤች ፋይቭ ፒ እና ሙድል የተባሉት ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ ይገኛሉ፡፡ ሙድል ግን ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል፡፡ በኤች ፋይቭ ፒ የተሠራውን ሉሚ በተባለው ፕሮግራም ወደ አንድ ፋይል ለውጦ በፍላሽ መላክ ስለሚቻል፣ መስመር ለሚቋረጥበት ከተማ ይህኛው ይሻላል፡፡

ፊደሉም ሊታሰብበት ይገባል፡፡ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ገብቷል፡፡ ከዚህ ውጭ በሆነ የፊደል ቅርጽ የተጻፈ ትምህርት፣ ያው ቅርጽ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፤ ተማሪው በራሱ ኮምፒዩተር ብቻ ሲያየው ጉድለቱን አያውቀውም፡፡

ስለዚህ ነጋዴው ክፍያውን ከመጨረሱ በፊት ዝግጅቱን በሱቁ ኮምፒዩተር ያስከፍት፡፡ አዲሱ ሻጭ ብቻውን ይሥራበት፤ አዘጋጁም ሳይናገር ተቀምጦ ሻጩ የት የት እንደሚደናገር ይመዝግብ፡፡ የሚታረመውንም ዋና ፋይል ነጋዴው ተረክቦ ያስቀምጥ፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ሲተካ እንደታየው፣ ሕግ በተለወጠ ጊዜ ትምህርቱ መታረም አለበት፤ አዘጋጁ ግን ያን ጊዜ ተመርቆ ሄዶ ይሆናል፡፡