የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ

በአዲስ አበባም ሆነ በሐርጌሳ ሥራ አስኪያጅነት ብዙ ወጣት የሚመኘው ማዕረግ ነው፤ ደመወዙ ከፍ ያለ፥ ወንበሩም የተከበረ ነውና። ይሁን እንጂ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ላለመሆን፥ ደመወዙ የምን ዋጋ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ከዚያ በላይ የሠራ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያገኛል። አዋጁ ግን የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። ስለዚህ ድርጅቱ ሌሊትም በዓልም ሳይል ቢያሠራው፥ ሥራ አስኪያጁ በዚህ የሰዓት ወሰን ሊከላከል አይችልም።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅትና ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፥ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፥ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በአንጎል ደም ዝውውር መታወክ (ስትሮክ) የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ ይበልጣል። ጃፓናውያን ከሥራ ብዛት ለሚመጣ ሞት «ካሮሺ» የሚል ስም አውጥተውለታል።

ጉዳቱ በአለቃው ላይ ብቻ አይቀርም። እርሱ ሲያመሽ የበታቾቹ ትተውት ለመሄድ ስለሚያፍሩ አብረውት ያመሻሉ፤ የአንዱ ድካም የመሥሪያ ቤቱ ልማድ ይሆናል። ስለሆነም በሰዓቱ ወደ ቤቱ የሚሄድ አለቃ ራሱን ብቻ ሳይሆን ሌሎችንም ያሳርፋል።

መልመጃ
1. አዋጁ የማይመለከተው ማንን ነው?
2. የአለቃ ማምሸት የመሥሪያ ቤት ልማድ የሚሆነው እንዴት ነው?
3. «ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየ» የሚለውን አነጋገር በዓረፍተ ነገር አስገቡ።