አሮጌዋን መኪና ላሠራት ወይስ ልለውጣት?

ታላቅ ወንድሜ የቶዮታ ፒካፑን ሞተር ሙሉ በሙሉ ካሳደሰ ገና ሦስት ወር አልሞላውም ነበር። ጤፍ ጭኖ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲሄድ ደብረ ወርቅ ሳይደርስ ሻንሲው ተሰነጠቀ። መኪናዋ ወገቧ ጎብጦ፣ የጭነት ሳጥኑ የጋቢናውን ጀርባ ተደግፎ መንገድ ዳር ቀረች። ፋሻው አዲስ፣ ፒስተኑ አዲስ፣ ብሮንዚኑ አዲስ ነበር። ያን ሁሉ ገንዘብ በምን ላይ እንዳፈሰሰው ያወቅነው ያን ቀን ነው። ሞተሩን ያደሰው መካኒክ ከሥር ገብቶ አላየም፤ እኛም ግባና እይልን አላልነውም።

ከዚያ ወዲህ ዘመድም ጎረቤትም «መኪናዬን ላሠራት ወይስ ልሽጣት?» ብሎ ሲጠይቀኝ አንድ ቅደም ተከተል እነግረዋለሁ። ከደጀን በቢቸና አድርጎ እስከ ሞጣ ባለው መስመር፣ ከመስመሩም ወጥቶ በየገጠሩ ጭቃና ጠጠር ላይ መኪና ለሚያሠራ ሰው ነው የማስበው። የሚጀምረውም ሰው ሁሉ ከሚጀምርበት ከሞተሩ አይደለም።

ደረጃ 1፦ የቆመችበትን ቀን ይቁጠሩ

አንድ ደብተር ይያዙና ያለፉትን 12 ወራት መለስ ብለው ያስቡ። በአንድ በኩል ለመለዋወጫና ለእጅ ዋጋ ያወጡትን፣ በሌላው በኩል መኪናዋ ሳትሠራ የዋለችበትን ቀን ይጻፉ። የዘይት፣ የጎማና የፍሬን ሸራ ወጪ በዚህ ሂሳብ አይግባ፤ እነዚህን አዲስ መኪናም ትጠይቃለች። ገንዘቡን ሁሉም ሰው ያስታውሰዋል። የሚረሳው ቀኑ ነው። በገበያ ቀን ጋራዥ የዋለች መኪና የዕለቱን ገቢ ብቻ አይደለም የምታሳጣው፤ ጤፉን ወይም ማሩን ሊያስጭን የጠበቀው ነጋዴ ሌላ ሹፌር ይለምድና በዚያው ይቀራል።

ሲጽፉ የሚደጋገም ነገር ካለ ያስምሩበት። አንድ ብልሽት ሦስት ጊዜ ከተጻፈ መኪናዋ አርጅታለች ማለት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የብልሽቱ ምክንያት አልተገኘም ማለት ነው። ውኃ የምታፈላ መኪና ሦስት ጊዜ ቴስታታዋ ወርዶ፣ ሦስት ጊዜ ጓርኒሲዮን ተቀይሮላት፣ በመጨረሻ ጥፋቱ የተዘጋ ራዲያተር ሆኖ ሲገኝ በዓይኔ አይቻለሁ።

ደረጃ 2፦ ከሥር ይግቡ

ሞተር ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ካልሆነም ሌላ ይገጠማል። ካምቢዮም እንዲሁ። ሻንሲ ግን መኪናዋ ራሷ ነው፤ ሊብሬው ላይ የሰፈረው ቁጥርም የተመታው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት እሱን ይመልከቱ።

በመጀመሪያ ላቫጆ ወስደው ሥሯን በደንብ ያሳጥቧት፤ እስክትደርቅም ይጠብቁ። ጭቃ የለበሰ ሻንሲ ሁሉም ደህና ይመስላል። ከዚያ ጉድጓድ ላይ ያቁሟት። ጉድጓድ ከሌለና በክሪክ ማንሳት ግድ ከሆነ፣ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ሳይደገፍ ማንም ሥሯ እንዳይገባ። ድንጋይ ይሰነጠቃል፣ ክሪክ ይንሸራተታል።

ባትሪና ትንሽ መዶሻ ይዘው ይግቡ። ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ፣ በስንዝር በስንዝር ርቀት፣ ቀስ እያሉ ይምቱት። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ መዶሻውንም መልሶ ያነጥረዋል። ዝገት የበላው ግን እንደ ደረቅ ቅል ድፍን ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ቅርፊቱም እየተላጠ ፊትዎ ላይ ይረግፋል። እኛ ዘንድ ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። የክረምቱ የዋልካ ጭቃ በሻንሲው ቀዳዳዎች ገብቶ ይጠቀጠቅና እስከ ጥቅምት ድረስ እርጥበት ይዞ ይቆያል። በግና ከብት የምትጭን መኪና ከሆነች ሽንቱ ወለሉን አልፎ ብረቱ ላይ ይወርዳል፤ እሱ ከጭቃው የባሰ ነው።

በተለይ ሦስት ቦታ ዓይንዎን ይጣሉ፦ ከጋቢናው ጀርባ ያለው መታጠፊያ፣ የኋላ ባሌስትራው የሚታሰርበት፣ የመሪው ሳጥን የተቦለነበት። ስንጥቅ ቀጭን ጥቁር መስመር መስሎ ነው የሚታየው፤ አጠገቡ የዝገት ዱቄት ይኖራል። የድሮ ብየዳ ካገኙም ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደበየደው ይጠይቁ። ፒካፕ ከሆነች ደግሞ ከጎኗ ቆመው በጋቢናውና በጭነት ሳጥኑ መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። ከላይ ጠብቦ ከታች ከሰፋ ወገቧ መጉበጥ ጀምሯል። የወንድሜ መኪና ይህ ምልክት ነበራት፤ ስናየው የከረምነው ነገር ነው፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን አናውቅም ነበር።

ስንጥቁ አንድ ቦታ ብቻ ሆኖ ዙሪያው ንጹሕ ብረት ከሆነ ሥራውን የሚያውቅ በያጅ ወፍራም ላሜራ ደርቦ ሊያድናት ይችላል። መዶሻው በሁለትና በሦስት ቦታ በስቶ ከገባ ግን እዚሁ ላይ ያቁሙ። ሞተሯን፣ ካምቢዮዋንና ጎማዋን ለመለዋወጫ መሸጥ ነው እንጂ ሌላ ገንዘብ አይፍሰስባት።

ደረጃ 3፦ ሞተሩን በጠዋት፣ ሳይሞቅ ይፈትሹት

ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሞተር የሚተነፍሰው አየር ሳሳ ማለት ጉልበቱም ቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ መኪናዋ ዳገት ላይ ደከም ስላለች ብቻ ሞተሩ አልቋል አይበሉ። አምና በዚያው ዳገት፣ በዚያው ጭነት በስንተኛ ማርሽ ትወጣ እንደነበር ያስታውሱና ከራሷ ጋር ያወዳድሯት።

ማለዳ፣ ማንም ሳያሞቃት ያስነሷት። የቢቸና ብርድ ላይ ናፍጣ ሞተር መጀመሪያ ነጭ ጭስ ቢያወጣ አያስደንግጥዎ፤ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ ግን ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ጥቁሩ የነዳጅ መብዛት ወይም የአየር ማነስ ነው፤ አንዳንዴ የአየር ማጣሪያ በመቀየር ብቻ ይጠፋል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱት። እፍ እፍ እያለ ጭስ የሚተነፍስ ከሆነ ፋሻው ደክሟል። የዘይት መለኪያውን መዘው ሲያዩ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውኃና ዘይት ተቀላቅለዋል።

የራዲያተሩን ክዳን ነገር ለብቻው ልናገር። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግፊት ይዞ እንዳይፈላ የሚያደርገው ያ ትንሽ ክዳን ነው። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ጤነኛ ሞተር ያፈላል፤ የፈላ ሞተር ቴስታታ ያጣምማል፤ ከዚያ ቶርኖ ቤት ነው። ሞተር ከማስወረድዎ በፊት ክዳኑን ይቀይሩና አንድ ሳምንት ይዩት። ታዲያ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አይክፈቱት፤ ፊት ያቃጥላል።

በመጨረሻ መካኒኩ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን በመለኪያ እንዲለካልዎ ይጠይቁ። አንዱ ብቻ ከወረደ ጥገናው ቀላል ሊሆን ይችላል። ከፍታው ከሚቀንሰው በላይ ሁሉም እኩል ከወረዱ ግን ሙሉ እድሳት ሊያስፈልግ ይችላል።

ደረጃ 4፦ ዕቃው ሳይመጣ ሞተሩ አይፈታ

ሁለት መካኒኮችን ለየብቻ ያሳዩ። የመለዋወጫ፣ የቶርኖና የእጅ ዋጋን ለያይተው እንዲጽፉልዎ ይጠይቋቸው። የመለዋወጫውን ዋጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ባለ ዘመድ በኩል ያጣሩ፤ ኦሪጅናሉና ተመሳሳዩ በዋጋ እንደሚራራቁ በዕድሜም ይራራቃሉ። ለመስተዋትና ለመብራት ተመሳሳዩ ይበቃል። ለፋሻ፣ ለብሮንዚንና ለጓርኒሲዮን ግን ዋናውን ይግዙ፤ የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ያድናል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ በየጊዜው ይዘጋል። ነገ ይደርሳል የተባለ ዕቃ ወር ሊቆይ ይችላል። አንድ ወጣት መካኒክ ለአንድ አዛውንት ባለመኪና ሲናገር የሰማሁት አይረሳኝም፦ «ጋሼ፣ ማውረዱን ዛሬም አወርደዋለሁ። ግን ፋሻው እጅዎ ካልገባ ተፈትታ ግቢዬ ከምትከርም እያዘገመችም ቢሆን ትሥራ።» እንዲህ የሚል መካኒክ ካገኙ ይያዙት።

ደረጃ 5፦ ጥገናውን ከልዩነቱ ጋር ያወዳድሩ

ብዙ ሰው «ጥገናው የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ ከደረሰ ሽጣት» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። መኪናዋን ሸጠው ሜዳ ላይ አይቀሩም፤ ሌላ ይገዛሉ። ስለዚህ ጥገናው መመዛዘን ያለበት እንዳለች በምትሸጥበትና ምትኳ በምትገዛበት ዋጋ መካከል ካለው ልዩነት ጋር ነው።

እንበልና መኪናዋ እንዳለች 900,000 ብር ትሸጣለች፣ የሚፈልጓት ሌላ አሮጌ ደግሞ 1,600,000 ብር ናት። ልዩነቱ 700,000 ነው። ስም ማዞሪያና የድለላ ወጪ፣ የማያውቋት መኪና በመጀመሪያዎቹ ወራት የምትጠይቀው ጥገና ሲጨመር 850,000 ሆነ እንበል። የራስዎን ማሠራት 300,000 ይፈጃል። ካሠሯት ሦስት ዓመት የምትሠራ ከሆነ በዓመት 100,000 ብር ወደቀብዎ። የምትገዛው ስድስት ዓመት ብትሠራ በዓመት ወደ 142,000 ብር ነው። ማሠራቱ ይሻላል። ነገር ግን ካሠሯት በኋላ የምትቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ከሆነ በዓመት 150,000 ይሆንና ሚዛኑ ወደ መለወጥ ያጋድላል። ሁለቱም መጨረሻ ላይ የሚሸጡበትን ዋጋ ለጊዜው ትቼዋለሁ። ቁጥሩን በራስዎ ይተኩት፤ ደረጃ 1 ላይ የጻፉትን የቆመችበትን ቀንም በዕለት ገቢ አባዝተው ይጨምሩበት። አሁን የቀሪ ዕድሜዋ ግምት ስንት ዋጋ እንዳለው ይታይዎታል፤ ግምቱን የሚሰጠው ደግሞ መዶሻው ነው።

ልዩነቱ እንዲህ የሰፋው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫው ተወደደ፣ አሮጌ መኪናም ዋጋዋን ይዛ ቀረች። ሻንሲዋ ጤነኛ የሆነ መኪና ይዞ በብድር ሌላ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የምለው ለዚህ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስቡ ካሉ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ሌሊቱን ሙሉ የሚሞላበት አስተማማኝ መብራት ቤትዎ አለ? ባትሪዋ ቢበላሽ የሚያያት ባለሙያ የት ነው? መልሱ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ከሆነ፣ መንገድ በተዘጋ ሰሞን ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው ይወስኑ።

ደረጃ 6፦ ሂሳብ የማይገባበት

ፍሬንና መሪ ከዚህ ሁሉ ስሌት ውጭ ናቸው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን የሚወጣው የዓባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ያወርዳል። ፔዳሉ ሲረገጥ ወደ ታች የሚሰምጥ፣ ወይም መሪው ሲዞር ጎማው ዘግይቶ የሚከተል መኪና ሰው ጭኖ እዚያ መውረድ የለበትም። ማሠሪያ ከሌለዎት እስኪያገኙ ትቁም። ሕፃን ያዘለች እናት ከኋላ ተቀምጣለች።

ደረጃ 7፦ ለመለወጥ ከወሰኑ

የሚገዟትንም መኪና ከደረጃ 2 ጀምረው ይፈትሿት። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ራስዎ ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ፋይሏ ካለበት መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ፤ ቦሎዋንና የሦስተኛ ወገን መድኗን ይዩ። በውክልና ብቻ ገዝተው ለዓመታት አይንዱ። ሻጩ ቢሞት ወይም ውክልናውን ቢሽር ንብረትዎ ሰው እጅ ነው።

ለማሠራት ከወሰኑ ደግሞ

ጊዜው ክረምት ይሁን። ሐምሌና ነሐሴ ጭነት ይቀንሳል፣ የገጠሩም መንገድ ይጨቀያል። ጤፉ ተወቅቶ ገበያ በሚወጣበት ጊዜ ጋራዥ ውስጥ መገኘት የለባትም። ሞተሩ ታድሶ ሲወጣ የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ጭነት በላይ አይጫኗት፤ ዳገት ላይ ማርሽ ሳይቀንሱ አያስጨንቋት። 1,000 ሲሞላ ዘይቱንና ማጣሪያውን ይቀይሩ። የወጣውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሰው በፀሐይ ይዩት። በጣም ደቃቅ ብናኝ ሊኖር ይችላል፤ በጣት የሚያዝ የብረት ፍንጣሪ ካለ ግን ሳያስነሷት መካኒኩን ይጥሩ።